«ቦይ» በከተማ ሥራ ቋንቋ

«ቦይ» በገበሬው አነጋገር ውኃን ወደ ማሳ የሚወስድ መስመር ነው፤ «ቦዩን ክፈት» ማለትም ውኃውን ልቀቅ ማለት ነው። እንደ ሚዛን ተፈሪ (ዛሬ ሚዛን አማን) እና እንደ ቴፒ ባሉ ዝናብ በማይለያቸው የቡና አገር ከተሞች ግን ጭንቁ ውኃን ማምጣት ሳይሆን ማስወገድ ነው። እዚያ ቦይ የመንገድ ዳር የጎርፍ መሄጃ ነው፤ «ቦዩን ክፈት» ሲባልም የተደፈነውን ጥረግ ማለት ይሆናል።

የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 በ1937 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የከተማ ሥራ ጽሑፍ እየበዛ ስለ ሄደ፣ አሻሚነቱ ከአነጋገር አልፎ ደንብ ውስጥ ይገባል። «ፍሳሽ» በማለት ለማምለጥ የሚሞክር ተርጓሚ ነገሩን ያብሰዋል። ቃሉ፣ በአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ስም እንደሚታየው፣ የቤትና የመጸዳጃ ቆሻሻ ውኃን ይዟል። ደጁን ጎርፍ የሸረሸረበት ነዋሪ «የፍሳሽ ችግር» ብሎ ቢያመለክት፣ ወረቀቱ መንገድና ቦይ ወደሚያሠራው ክፍል ሳይሆን ጉድጓድ ወደሚያስመጥጠው ሊላክ ይችላል፤ ክረምት ደግሞ መልስ አይጠብቅም።

በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያው «የመስኖ ቦይ»፣ ለሁለተኛው «የጎርፍ ቦይ» ማለት ይበቃል። የመሐንዲሶቹ «ዲች» አጭር ቢሆንም ለነዋሪው ባዕድ ነው፤ ከጣሊያንኛ የመጣው «ቱቦ» ግን ከተላመደ ቆይቷልና ከምድር በታች ለተቀበረው መስመር ይያዝ።