ቀዝቃዛው አየር ወደ መስታወት ለምን ይሸሻል?



ዛሬ አንድ ከበድ ያለ ቃል አለን። ቫ፣ ኪ፣ ዩ፣ ም። አንድ ላይ አንብቡት፦ ቫኪዩም። ቃሉ የፈረንጅ ነው፤ ነገሩን ግን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ።

ጠላ በመቃ ስትጠጡ በአፋችሁ አየር ትስባላችሁ። መቃው ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል። ያን ጊዜ የውጭው አየር ጠላውን ገፍቶ ወደ አፋችሁ ያመጣዋል። አየሩ የሳሳበት ቦታ ቫኪዩም ይባላል። የመሳብ ኃይሉን ደግሞ እኛ ስበት እንበለው። መቃው መሐል ላይ ቢሰነጠቅስ? ስትስቡ ብትውሉ ጠላው አይመጣም፤ ፉጨት ብቻ ነው።

የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ አየር ይስባል። በአንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ በአሮጌዎቹ ፎርድ፣ ሸቭሮሌና ጂፕ፣ ይህ ስበት በቀጭን የጎማ ቱቦ ይሄድና ክሩስኮቱ ሥር ያሉትን የአየር በሮች ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሮቹ አየሩን አንዴ ወደ ፊታችሁ፣ አንዴ ወደ እግራችሁ፣ አንዴ ወደ ፊት መስታወት ይልኩታል። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ መኪኖች ይህን ሥራ የሚሠራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እነሱን ዛሬ አንነካም።

አሁን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ይጠብሳል። ሹፌሩ ኤሲውን ከፍቷል፤ ቀዝቃዛው አየር ፊታችሁን ሲነካው ደስ ይላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ የደጀንን ዳገት ስትያያዙት ግን አየሩ ከፊታችሁ ይጠፋል። እጃችሁን ወደ መስታወቱ ብትሰዱ እዚያ ይነፍሳል። ዳገቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ አብዝቶ ሲረግጥ የሞተሩ አየር መግቢያ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ስበቱ ይወድቃል። ጤነኛ መኪና ለእንዲህ ያለው ሰዓት ስበት የሚያቆይበት ትንሽ ዕቃ አለው፤ እንደ ጎተራ ቁጠሩት። መግቢያው ላይ አየር በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ቫልቩ ካረጀ የተቀመጠው ስበት ቶሎ ያልቃል። በሮቹን የሚይዛቸው ሲያጡ ሞላው ወደ መስታወት ይመልሳቸዋል። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አውቀው ነው፤ ዕቃው ቢበላሽ እንኳ ሹፌሩ በጭጋግ መንገዱን እንዲያይ ነው። ክረምት ላይ የጮቄን ጭጋግ ያየ ሰው ይመርቃቸዋል።

ደጋ መሆናችንም አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ስበቱ ከመጀመሪያው ደከም ያለ ነው። ጅቡቲ ላይ የማትታወቅ ቀዳዳ እዚህ ትታወቃለች።

አንድ የማውቀው ሹፌር ይህ ደርሶበት ሁለት ጊዜ የኤሲ ጋዝ አስሞላ። ገንዘቡ ሄደ፤ አየሩ አሁንም ወደ መስታወት ነው። አየሩ እኮ ቀዝቃዛ ነበር! ቀዝቃዛ ከሆነ ጋዙን ተዉትና ቱቦውን ፈልጉ።

ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ሞተሩ በዝግታ ይሥራ። ኮፈኑን ክፈቱና ጆሮ ስጡ፤ ‹ስስስ› የሚል ድምፅ ካለ እዚያው ፈልጉ። እጃችሁንና ልብሳችሁን ግን ከማራገቢያውና ከቺንጊያው አርቁ። ካልተገኘ ሞተሩን አጥፍታችሁ ወደ ክሩስኮት የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉ፤ አስነሥታችሁ ከሞተሩ በኩል የሚመጣውን ጫፍ በጣት ድፈኑት። ጣታችሁን ከሳበ እስከዚያ ድረስ ደህና ነው፤ ችግሩ ከክሩስኮቱ ውስጥ ነው። ካልሳበ ከሞተሩ እስከዚያ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቫልቩንም አውጥታችሁ በአፍ ንፉበት፤ በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ይለወጥ።

ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ጫፉ ላይ ነው። ርዝመት ከተረፈው ጫፉን ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል። በፕላስተር መጠቅለል አልወድም፤ የሞተሩ ሙቀት ያላቅቀዋል።

ይህን ሁሉ ያስወራኝ ግን ኤሲው አይደለም፤ ፍሬኑ ነው። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በስበት ነው። የናፍጣ ሞተር በራሱ በቂ ስበት ስለማይሰጥ ለዚህ ሥራ ፓምፕ ይደረግለታል። ስበቱ በትልቅ ቀዳዳ ከባከነ ፍሬኑም ሊደክም ይችላል።

ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ይደነድናል። እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ካላለ ወደ አባይ አትውረዱ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፋ ሹፌርም አለ። ሞተር ከጠፋ የተጠራቀመው ስበት ለጥቂት ርግጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ተሳፍራችሁ ስትወርዱ ሞተሩ ዝም ካለ አትፈሩ፤ ‹‹ሹፌር፣ ሞተሩን አስነሣ እንጂ!›› በሉ።

ትልልቆቹ አውቶቡሶችና ተሳቢዎች ፍሬናቸው በታመቀ አየር ስለሆነ ይህ የፔዳል ፈተና አያገለግላቸውም። የእነሱን በሚቀጥለው ንባብ እናያለን።