«ታይፎይድ ነው» አትበሉኝ!

ሁሩታ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ሌሊት አጠገቧ ለተኛ ሰው ደረቷ እንደ ግድግዳ ሰዓት «ቀጭ ቀጭ» ሲል ይሰማል። በልጅነቷ ሲመላለስባት የነበረው የቶንሲል ሕመም የልቧን በር ጎድቶት በሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተካላት። ሰፈሩ «ብረት» ይለዋል፤ ዋናው ነገሩ ግን ካርቦን ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ትኩሳት ያዛት። አንዱ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» አላት። መድኃኒቱን ስትውጥ ለቀቅ ያደርጋታል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። ሌሊት ላብ፣ ቀን ድካም።

ወገኖቼ፣ ቫልቭ ያለው ሰው ትኩሳት የእኔና የእናንተ ዓይነት ትኩሳት አይደለም! ጀርም ከድድ ወይም ከቁስል ተነስቶ በደም ይጓዝና ቫልቩ ላይ ይሰፍራል። ቫልቩ ግዑዝ ነው፤ ራሱን አይከላከልም። መድኃኒትም እዚያ የተለጠፈውን ጀርም በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ያውም 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ። የትኛው መድኃኒት? ይህን ለማወቅ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ተቀድቶ ጀርሙ መለየት አለበት። ሳይመረመሩ አሞክሳሲሊን የሚቅሙ ሰዎች የሌባውን ዱካ እያጠፉለት ነው።

የእኛዋ አሰላ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ደርሳ በመድኃኒቱ ዳነች። ሁሉም ግን እንዲህ አይቀናውም። ቫልቩ ከስፌቱ ከላላ፣ ዙሪያው መግል ከቋጠረ፣ ወይም የሚረግፈው ቁርጥራጭ ወደ አንጎል የሚሄድ ከሆነ ደረት ዳግም ይከፈታል። የልብና የሳንባን ሥራ ማሽን ተረክቦ፣ የታመመው ቫልቭ ይወጣል፤ የተበላሸው ሥጋ ተጠርጎ አዲስ ይሰፋል። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የከበደ ነው፤ የማይነሱም አሉ። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ወዲህ እንኳ በአገራችን ለመጀመሪያው ቫልቭ የሚጠባበቀው ብዙ ነው። ሁለተኛውንማ አስቡት!

እናም ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት «ቫልቭ አለኝ፣ ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በሉ። ሐኪሙ ከነቀላው ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ያዛል። ዋርፋሪኑን በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። እንጥል አስቆራጮችና ጉጠት ይዘው ጥርስ የሚነቅሉት አባወራዎች ግን ከእናንተ ይራቁ። እጮኛችሁ ባለቫልቭ ከሆነም ከአበባው በፊት የጥርስ ብሩሽ ግዙለት፤ ማታ ማታ መጠቀሙንም እዩ።