«ኮሚቴው ይጨርሰዋል» ያልነው መጽሔት

ቤቴ ውስጥ አንድ ካርቶን አለ። ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው 23 የምረቃ መጽሔቶች ነበሩበት። ገንዘቡን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ የጂሲ ኮሚቴው ሰብሳቢም እኔው ነበርኩ።

አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ አንድ መጽሔት በቀኑ ማድረስ አቃተኝ። ዕቅድ አልነበራችሁም እንዳትሉን፤ ነበረን። ፎቶ፣ ላስት ወርድ፣ ዲዛይን፣ ኅትመት ተብሎ ኤክሴል ላይ ተዘርዝሯል። ችግሩ የሁሉም ሥራ ኃላፊ «ኮሚቴው» መሆኑ ነው። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ላስት ወርድ ማን እየሰበሰበ ነው?» ስል አሥር ላይክ ይመጣል፤ የሚሰበስብ ግን የለም። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይደለም።

ትልቁ ጥፋታችን ግን ሌላ ነበር። ማተሚያ ቤቱን «ስንት ቀን ይፈጅባችኋል?» ብለን የጠየቅነው ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ነው። «ሦስት ሳምንት» አሉን። ለምረቃው የቀረን ዘጠኝ ቀን!

እንዲህ ዓይነት ነገር ትልልቆቹንም ይገጥማቸዋል። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር ጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነበር። በ1963፣ በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው ሕንፃ በ1973፣ በ102 ሚሊዮን ተጠናቀቀ።

እና ፕሮጀክት የምትመሩ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቀጥሎ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸውን ሥራዎች ለዩ። ረጅሙን ሰንሰለት ባለሙያዎቹ «ክሪቲካል ፓዝ» ይሉታል። ቲሸርቱ ሁለት ቀን ቢዘገይ መጽሔቱን አይነካውም፤ ፎቶው ሁለት ቀን ከዘገየ ግን ኅትመቱም አብሮ ይዘገያል። ዓይናችሁ ከዚህ ሰንሰለት አይነቀል። በየሥራው ፊት የአንድ ሰው ስምና ቀን ጻፉ። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል፤ ለዚህም መጠባበቂያ ቀናት ያዙ።

የእኛ መጽሔት ከምረቃው አንድ ወር ቆይቶ ደረሰ። ያኔ ልጆቹ ወደየአገራቸው ተበትነዋል፤ አንዷ አረብ አገር ሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «እማዬ በጋዎን የተነሳሁትን ማየት ትፈልጋለች» አለችኝ። በማግስቱ ደሴ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁላቸው።

22 ቀርተዋል። ለእነሱም አዲስ ሰንጠረዥ አውጥቻለሁ፤ የማን እንደሆነ፣ የት እንደሚደርስ፣ በስንት ቀን። ኃላፊ በሚለው ቦታ ላይ ግን «ኮሚቴው» አላልኩም። የራሴን ስም ጽፌያለሁ።