ድንጋይ ማቀበል ይዞታ ሲሆን፦ የበጎ ፈቃድ ሥራ በዴር ሱልጣን

በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ምእመናን የሚሰጡት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ወጣቱ ድንጋይ ያቀብላል፤ መሐንዲሱ ንድፉን ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ሴቶች ለሠራተኛው ምግብ ያዘጋጃሉ። ድንጋይ ያቀበለ ሰው በዚህ ምክንያት የሕንፃው ባለቤት ይሆናል ብሎ የሚሰጋ የለም። ይኸው ምእመን ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌም ተሳልሞ በዴር ሱልጣን ገዳም ያረጁትን የመነኮሳት ጎጆዎች ሲያይ ግን፣ «እኛ መጥተን ብናድሳቸውስ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ መልሱ ግን በሕግና በታሪክ የተተበተበ ነው።

ዴር ሱልጣን የሚገኘው በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለው በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያንና ግብጻውያን ኮፕቶች የይዞታ ክርክር የሚያደርጉበት ስፍራ ነው። በዚያ ያለው የአብያተ ክርስቲያናት መብት የሚዳኘው «ስታተስ ኮ» በሚባለው ነባር ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልመጂድ በ1852 እ.ኤ.አ. ባወጡት ፈርማን አጽንተውታል፤ የ1878ቱ የበርሊን ውልም ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሰጥቶታል። በእንግሊዝ የሞግዚትነት ዘመን ከስት የተባለው ሹም በ1929 ያዘጋጀው ማስታወሻ የሥርዓቱን ፍሬ ነገር ገልጾታል፦ ጣሪያ ወይም ወለል እንዲጠግን የተፈቀደለት ወገን የቦታው ብቸኛ ባለ ይዞታ ሆኖ ይቆጠራል። በአንድ ግድግዳ ላይ ሥዕል ወይም መብራት መስቀል እንኳ ተመሳሳይ ትርጉም አለው።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው የሚሸከመው የኖራ ከረጢት ምጽዋት ብቻ ሳይሆን የባለቤትነት ማስረጃ ነው። አንዱ ወገን ሌላው እንዳይጠግን የሚከለክለውም ከክፋት ይልቅ ከዚህ ስሌት የተነሣ ይመስለኛል። በ1970 ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሁለቱን ጸሎት ቤቶች፣ ማለትም የቅዱስ ሚካኤልንና የአርባዕቱ እንስሳን፣ መቆለፊያ ለውጠው ያዙ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች እንዲመለስ ቢወስንም፣ መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጤን ጊዜ ተሰጠው፤ ውሳኔውም ሳይፈጸም ቀረ። በ2018 የእስራኤል ባለሥልጣናት የተጎዳውን የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ማደስ ሲጀምሩ፣ ኮፕት መነኮሳት በር ላይ ቆመው ተቃወሙ፤ ፖሊስም በኃይል አነሣቸው። በ2002 ደግሞ ከፀሐይ ለመሸሽ ወንበሩን ወደ ጥላ ባስጠጋ አንድ ኮፕት መነኩሴ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን የተጎዱ ሆስፒታል ገብተዋል። ወንበር ይህን ካስከተለ፣ መሰላልና አካፋ ይዞ የሚመጣ የምእመናን ቡድን ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በዚያችው ከተማ ከቅጥሩ ውጭ ያለው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን የተለየ ነው። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን የተጠናቀቀው ይህ ክብ ሕንፃ የቆመው በግዢ በተገኘ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የተላከው ገንዘብ በቀጥታ ግንብ ሆኗል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በአቅራቢያው ያሠሯቸው ቤቶችም፣ ለምሳሌ በነቢያት ጎዳና ያለው የንግሥት ዘውዲቱ ሕንፃ፣ ከስታተስ ኮ ውጭ ናቸው። የባለሙያ ነፃ አገልግሎት ያለ ስጋት ሊውል የሚችለው በእንዲህ ዓይነቶቹ ይዞታዎች ነው።

የበጎ ፈቃድ ሥራን በሰዓትና በገንዘብ የሚለካ ጥናት ይህን ልዩነት አያይም። በደብረ ገነት የተሰጠው ሀብት በድንጋይ ይታያል፤ በዴር ሱልጣን ግን የሚሰጠው ዋናው አገልግሎት በቦታው መገኘት ነው። በክረምት ብርድ በጠባቧ ጎጆ የሚያድረው መነኩሴ ምንም አይገነባም፤ ነገር ግን ጎጆዋ አንድ ሌሊት ባዶ ብትሆን በማግስቱ ማን እንደሚገባባት ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ።