መንታ የፀነሰች እናት በደጋው አገር

በሰሜን ሸዋ፥ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፥ አንዲት እርጉዝ ከወሯ አስቀድሞ ሆዷ የገፋ እንደ ኾነ «መንታ ሳይኾን አይቀርም» ይባልላታል። ከዚያ በኋላ ድካሙም፥ እብጠቱም፥ ራስ ምታቱም በአንድ ቃል ይተረጐማል፤ «ኹለት ተሸክማ ምን ታድርግ!» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ ይህ አነጋገር እኩሌታው እውነት፥ እኩሌታው ግን አደገኛ መኾኑን ነው።

እውነቱን እናስቀድም። በመንታ እርግዝና የእንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ሆርሞን ስለሚበዛ ማቅለሽለሹና ትውከቱ ይበረታል። በአንድ ልጅ እርግዝና የእናቲቱ ደም በ45 በመቶ ግድም ሲጨምር በመንታ ጊዜ ከዚህም ያልፋል፤ ይህን ኹሉ የምትገፋው ልብ ናት። ማኅፀኑም በ32ኛው ሳምንት ግድም፥ አንድ ልጅ ያረገዘች ሴት በመውለጃዋ ጊዜ የሚኖራትን ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ጨጓራው ወደ ላይ ተገፍቶ ቃር ያስነሣል፤ ሳንባው ስፍራ ይጠበዋል፤ ወገብ ይታመማል፤ የእግር ደም ሥር ይገተራል። በጀርባ መተኛት ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው ራስ ያዞራል፤ በጐን መተኛት ይሻላል።

የአገሩንም ጠባይ መጨመር ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። የደጋ ሰው ይህን ለምዶታል፤ ቢኾንም ከአልዩ አምባ ገበያ ተመልሳ የአንኮበርን ዳገት የምትወጣ ነፍሰ ጡር አንድ ልጅ ብቻ ብትይዝም ትንፋሽ ያጥራታል። ዳገቱ ብቻ ያደከማት እንደ ኾነ ዐረፍ ስትል ይመለስላታል። ተቀምጣ ሳለች፥ ወይም ሌሊት ጋደም ስትል የሚያፍናት እንደ ኾነ ግን በዳገቱም በመንታውም ማመካኘት አይገባም፤ ብርቱ የደም ማነስ ወይም የልብ ሕመም ሊኾን ይችላል። ደም ማነስ በመንታ እርጉዞች ላይ ይበዛል፤ የብረት ኪኒን የሚታዘዘውም ስለዚህ ነው። ኪኒኑን ከቡና ጋር መውሰድ ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ይህን ለሸዋ እናት መንገር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ቡናው ከኪኒኑ ይራቅ እንጂ ጨርሶ ይቅር አላልንም።

ከኹሉ ይልቅ የሚያሳስበን የደም ግፊት ነው። በእርግዝና ምክንያት የሚመጣው የግፊት በሽታ መንታ ባረገዙት ላይ ኹለት ሦስት እጥፍ ይበዛል። የእግር ማበጥ ብቻውን የተለመደ ነው፤ ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጡ፥ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲል፥ ዓይን ብዥ ሲል፥ ከጐድን በታች በቀኝ በኩል ሲያም ግን የሸክም ድካም አይደለም። ሳይታከም የቀረ እንደ ኾነ እናቲቱን አንዘፍዝፎ ሊገድል ይችላል። እንዲያውም ግፊቱ ምንም ሳያሰማ ሊጨምር ስለሚችል፥ መለካት እንጂ መገመት አይበቃም።

ከመንቶች ከግማሽ የሚበልጡት የሚወለዱት ከ37ኛው ሳምንት በፊት ነው። ወሯ ሳይደርስ ሆዷ እየጠነከረ የሚመለስባት፥ ወይም ውሃ የፈሰሳት ሴት «ገና ነው» ብላ መቀመጥ የለባትም። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለባለ መኪና ቅርብ ነው፤ በገደሉ ሥር ለምትኖር ሴት ግን አስቀድሞ በቃሬዛ ዳገቱን መውጣት አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ እያንዳንዷ እርጉዝ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። መንታነቱ በጊዜ የታወቀ እንደ ኾነ፥ መንገዷ ሩቅ የኾነ እናት ምጥ ሳይጀምራት ወደ እናቶች ማቆያ ገብታ መሰንበት ትችላለች። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ከሐኪሙ ይልቅ የቤቱ ጣጣ ነው። ትልልቆቹን ልጆች ማን ይይዛል፥ ላሟን ማን ያልባል፥ እንጀራውን ማን ይጋግራል? ባልየውና አማቷ ይህን አስቀድመው ካልተከፋፈሉት፥ እናቲቱ ምጡ እስኪጀምራት ከቤቷ አትነሣም።