ቁልፍ ጭኖ የሚዞረው መኪና

በሱዳን ድንበር ባለው የመተማ ቆላ ትራክተር የሚፈለግበት ጊዜ አጭር ነው። ሰሊጡ ሰኔና ሐምሌ ውስጥ መሬት መግባት አለበት። ዋልካው ካልራሰ ማረሻ አይቀበልም፤ ከልክ በላይ ከራሰ ጎማ ይውጣል። ባለትራክተሩም፣ ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬም፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛም ተስፋቸውን የሚጥሉት በዚህች ጠባብ ጊዜ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የአንድ ብሎን ራስ ተላጦ አልወጣ ቢል፣ በብሎኑ ሰበብ ስንት ሰው ሥራ ፈትቶ እንደሚውል የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ብሎን የሚላጠው ብዙ ጊዜ ልኩ ያልሆነ ቁልፍ ሲገባበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቆላው መካኒክ ፈተና ያለው እዚሁ ነውና። አይሱዙና ቶዮታ የሚፈታ ሰው 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ካለው አብዛኛውን ሥራ ይወጣዋል። ከአውሮፓ የመጣ መኪና ሲገባለት 13 ቁጥር ይፈልጋል። ዕድሜ ጠገቡ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ግን በብዛት የታሰረው በኢንች ብሎን ነው። የግማሽ ኢንች ራስ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 12 ቁጥር አይገባበትም፤ 13 ቁጥር ይገባል፣ ግን ይላወሳል። የዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ራስ 14.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ቁጥር ይጠብበታል፣ 15 ቁጥር ይሰፋዋል። ሦስት አራተኛ ኢንች ደግሞ 19.05 ሚሊ ሜትር ነውና 19 ቁጥር ልክክ ብሎ ይፈታዋል። ወጣቱን መካኒክ የሚያሳስተው ይሄ ነው። በ19 ቁጥር የሠራለትን ነገር በ13ም ይሠራል ብሎ ይሞክራል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ የብሎኑ ማዕዘን ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለው መሮና መዶሻ፣ ካልሆነም ብየዳ ነው።

ቁልፉ ልኩ ቢሆን እንኳ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ዋጋ የለውም። ጥሩ ቁልፍ ከክሮምና ከቫናዲየም ጋር ከተቀላቀለ ብረት ተቀጥቅጦ ይወጣል፣ በእሳት ግሎ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም እንዳይሰባበር በመጠኑ እንደገና ይሞቃል። ይህ የእሳት ሥራ ያልተሟላበት ቁልፍ ሲከብደው አፉ ይከፈታል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ በየቁልፉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ መቅረጽ ቀላል ነው። ገበያ ላይ በላስቲክ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ቁልፍ ገዢው በዓይኑ አይቶ ከደህናው ሊለየው አይችልም። የሚለየው ሥራ ላይ ሲሰበርበት ነው፤ ያኔ ሻጩ ሌላ ከተማ ደርሷል።

ይህንኑ ችግር አሜሪካኖች የፈቱበት መንገድ ለእኛ አገር አንባቢ ብዙም አልተነገረም። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ግን በየሳምንቱ ያዩታል። በተወሰነ ቀንና ሰዓት አንድ ረጅም ዝግ የዕቃ መኪና ጋራዡ በር ላይ ይቆማል። መካኒኩ እጁን ጠርጎ በደረጃው ይወጣል። ውስጡ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ሱቅ ነው፤ ግራና ቀኙ ቁልፍ፣ ቡሶላ (የብሎኑን ራስ የሚውጠው የቁልፍ ጫፍ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የመኪና ኮምፒውተር መመርመሪያ ሳይቀር ተደርድሮበታል። የተሰበረውን ቡሶላ ይሰጣል፣ በምትኩ አዲስ ይቀበላል። ያለበትን ዕዳ የሳምንቱን ድርሻ ይከፍላል። የሚፈልገው ነገር ካለም ያስመዘግባል። መኪናው ወደሚቀጥለው ጋራዥ ይሄዳል፤ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው በመኪና ሳይሆን በአንድ ቀላል ሐሳብ ነው። ጆሴፍ ጆንሰን የሚባል ሰው በሚልዋኪ ከተማ አንድ የማምረቻ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ቡሶላው ከነእጀታው አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚሠራ መካኒክ ለእያንዳንዱ ልክ አንድ ሙሉ ዕቃ መግዛት ነበረበት። ጆንሰን እጀታውና ቡሶላው ይለያዩ፣ እንደ ሥራው ይገጣጠሙ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ አለቆቹ አልተቀበሉትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1920 ከባልደረባው ከዊልያም ሳይድማን ጋር ሆኖ ስናፕ-ኦን የተባለውን ድርጅት መሠረተ። 5 እጀታና 10 ቡሶላ የ50 ቁልፍ ሥራ ይሠራሉ እያሉ ሸጡ። ሻጮቹ ናሙናውን ይዘው ጋራዥ ለጋራዥ እየዞሩ ያሳዩ ነበር፤ ዕቃው የሚመጣው ከታዘዘ በኋላ ነው። ዕቃውን ራሱን ጭኖ በተመደበለት ሰፈር የሚዞር፣ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የሚሸጥ አከፋፋይ የበዛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኮርንዌል፣ ማክ ቱልስና ማትኮ የተባሉት ተፎካካሪዎቹም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኮርንዌል ከስናፕ-ኦን በአንድ ዓመት ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 በኦሃዮ አንድ ቀጥቃጭ የመሠረተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስናፕ-ኦን ያወጣው አንድ ማሻሻያ ከላይ ካነሳሁት ችግር ጋር ይገናኛል። የተለመደው ቁልፍ የብሎኑን ስድስት ማዕዘን ጫፍ ጫፉን ይዞ ይገፋል፤ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በቀጭኑ ጫፍ ላይ ስለሆነ ይላጠዋል። አዲሱ አሠራር የቁልፉን የውስጥ ማዕዘን በመጠኑ አጎድጉዶ፣ ግፊቱ ከጫፉ ራቅ ብሎ በብሎኑ ጎን ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ዛሬ ይህ ቅርጽ በሌሎች አምራቾች ቁልፍም ላይ ይገኛል። ገዢ ቡሶላውን ገልብጦ ውስጡን ቢያይ ማዕዘኑ ስል ነው ወይስ ክብ ያለ ጎድጓዳ የሚለውን መለየት ይችላል። ባለስድስት ማዕዘን ቡሶላም ከባለ12ቱ ይልቅ ለዛገና ለተጎዳ ብሎን ይሻላል። መተማ ገበያ ለሚገዛ ሰው ይህችን ማወቅ ብቻዋን ብዙ ብሎን ታድናለች።

መካኒኮቹ ከሱቅ ከሚያገኙት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ለዚህ መኪና የሚከፍሉት ለምንድን ነው? በአሜሪካ ልማድ የእጅ ዕቃውን የሚገዛው አሠሪው ሳይሆን መካኒኩ ራሱ ነው። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በሰዓት ሳይሆን በጨረሱት ሥራ ስለሆነ ሱቅ ፍለጋ መሄድ ገቢ ያጎድላል። ከሁሉም በላይ ግን ሻጩ ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ ስለሚመጣ ዱቤ መስጠት ይችላል፤ ተመልሶ ስለሚመጣ ዋስትናው ወረቀት ላይ አይቀርም። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ቁም ነገር መኪናውም ብረቱም አይደለም፤ ቀን ጠብቆ መመለሱ ነው።

ጉዳትም አለው። አከፋፋዩ ለትንንሽ ዕቃ ያለ ወለድ ዱቤ ይሰጣል፤ ለትልቁ ሣጥንና ለመመርመሪያው መሣሪያ ግን የኩባንያው የብድር ድርጅት በወለድ ያበድራል። ሥራ የጀመረ ወጣት የሚያብረቀርቅ የዕቃ ሣጥን አይቶ የዓመታት ዕዳ ይሸከማል። አከፋፋዮችም ቢሆኑ ሰፈሩ ሳይበቃቸው ዕቃ ግዙ እየተባሉ ከስረው ኩባንያዎቹን ፍርድ ቤት ያቆሙበት ጊዜ አለ። ይህን ሳይናገሩ መኪናውን ብቻ ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም።

በእኛ አገር ዕቃን ወደ ሥራ ቦታ ይዞ የመሄድ ንግድ ባዕድ አይደለም። መተማ ራሷ የሲራራ ነጋዴ ከተማ ነበረች፤ የጎንደር ቡናና ሰም ወደ ሱዳን የሚወርደው በእሷ በኩል ነበር። ዛሬም ሱቅ በደረቴው ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ በየመናኸሪያውና በየጋራዡ ይዞራል። የተለየ ዕቃ የፈለገ የቆላ መካኒክ ደግሞ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይደውላል፣ ገንዘቡን በስልክ ይልካል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይመጣለታል። ይህ ዘዴ ብዙ ሰው ከችግር አውጥቷል። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። ገዢው ቁልፉን ሳይነካው ይከፍላል፤ የመጣው ካልሆነም የሚመልስበት መንገድ የለውም።

ድንበሩም የራሱ ድርሻ አለው። ከሱዳኗ ጋላባት ማዶ ያለው የገዳሪፍ ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ አገር ነው፤ ትራክተር የሚያውቅ መካኒክና መለዋወጫ ከነበረባቸው ቅርብ ከተሞች አንዱ ገዳሪፍ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ዮሐንስ በኩል ስደተኛው ጎረፈ፤ ወዲያ ማዶ ተማምኖ መሥራትም ቀረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ተቀሰቀሰና ከጎንደር የሚወርደው መንገድም አስጊ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዕቃ ጫኝ መኪና ማውራት ስለ መንገዱ ሰላም ማውራት ጭምር ነው። ውድ ዕቃ የሞላ መኪና፣ የሚያልፍበት ቀንና ሰዓት የታወቀ መኪና፣ ሰላም በሌለበት መንገድ ላይ መንዳት ለሕይወት አደጋ ነው።

መንገዱ ሲረጋ ግን የሚሆነው ይታየኛል። መስመሩ የታወቀ ነው፦ ከአዘዞ ወጥቶ አይከል፣ ነጋዴ ባሕር፣ ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት፣ መተማ ዮሐንስ። ከጎንደር እስከ ድንበሩ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽንፋና የቋራው ገለጉ፣ ወይም በሌላ በኩል አብርሃጅራ፣ በበጋ ብቻ የሚኬድባቸው ተጨማሪ መስመሮች ይሆናሉ። የአሜሪካኑ ዓይነት ትልቅ መኪና አያስፈልግም፤ ከኋላው መደርደሪያ የተበየደለት ፒክአፕ ይበቃል።

ከአሜሪካኑ እንዳለ የማይቀዳው የክፍያው ሥርዓት ነው። ባጃጅ የሚጠግን መካኒክ በየቀኑ ገንዘብ ስለሚያገኝ በሳምንት መክፈል አይቸግረውም። የትራክተሩ መካኒክ ግን ገቢው የገበሬውን ገቢ ይከተላል፤ ገበሬው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ሰሊጡን እስኪሸጥ ድረስ እጁ ባዶ ነው። ለዚህ ሰው ዱቤው በሰኔ ተጽፎ በኅዳር መዘጋት አለበት። ይህን ያላወቀ ሻጭ መስከረም ላይ «ክፈሉኝ» ብሎ ደንበኛውን ያጣል።

የብድሩ መሠረት ከድሮው ይሻላል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና መሬት የሌለው ሰው ማሽኑንና ዕቃውን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። በክልላችን ዋልያ ካፒታል ጉድስ ፋይናንስ ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ማሽን በኪራይ ግዢ ያቀርባል። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) የተወለደው ጸደይ ባንክም ቁጠባና ብድርን በገጠር ያስተማረ ተቋም ልምድ ወርሷል። አንድ ሙሉ የኢንችና የሚሊ ሜትር ቡሶላ ስብስብ ከወፍጮ ማሽን ያነሰ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ወጥቶ በሰው ዕቃ ለሚሠራ ልጅ ራሱን የሚያስችለው እሱ ነው። የራሱ ቁልፍ የሌለው መካኒክ የሌላ ሰው ረዳት ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የጎንደር የመፍቻና የመለዋወጫ ነጋዴዎች፣ ሰላሙ ተገኝቶ ስትወርዱ ከምንም በፊት አንድ ቀን ምረጡና በዚያ ቀን ብቻ ውረዱ፤ ቀኑን አትለውጡ። የኢንቹን ስብስብ ሳትይዙ ወደ ትራክተር አገር አትሂዱ። የሸጣችሁት ቁልፍ አፉ ከተከፈተ ሳትከራከሩ ቀይሩ፣ ኪሳራውን አስቀድማችሁ ዋጋው ውስጥ አስቡት። የመጀመሪያውም ጉዞ ሚያዝያ ላይ ይሁን፤ ትራክተሩ ጋራዥ ቆሞ የሚጠገነው ያኔ ነው፣ ሰኔ ላይ የደረሰ ቁልፍ ለዚያ ዓመት ዘግይቷል።