በጉም ደን የተሠወረች ታናሽ አውሬ

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው ቱነይድባ ሜዳዋ ሰፊ፣ ፀሐይዋም ብርቱ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በ2021 መጀመሪያ በዚያ በተከፈተው ሰፈር ተጠለሉ። ኢትዮጵያዊ በሰፈረበት ጀበና አይታጣምና፣ ሱዳኖችም ራሳቸው ቡና ወዳድ ናቸውና፣ የቡና ነገር በዚያ ቆላ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ቡና በዚያ ሐሩር ሜዳ አይበቅልም፤ ዘሩ የጥላና የጉም ልጅ ነው። ስለዚህ ሲኒውን ያነሣ ሰው የቡናውን ትውልድ አገር ቢመረምር፣ ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች ደን መውጣቱ አይቀርም።

ከእነዚህ ደኖች አንዱ በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ገጽ የተዘረጋው የሐረና ደን ነው። በላዩ የሳነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይገኛሉ። ደኑ ከላይ ከአስታና ከኮሶ ዛፍ ጀምሮ እስከ ታች ወፍ ዘራሽ ቡና እስከሚበቅልበት ድረስ ይወርዳል። ከደቡብ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲመታ ጉም ይሆናል፤ ቅርንጫፉም ሁሉ የዛፍ ሽበት ለብሶ ይታያል።

በዚሁ ደን ወለል፣ በረገፈው ቅጠል ሥር፣ ብዙ ሰው የማያውቃት ታናሽ አውሬ ትኖራለች። በ1990 ዓ.ም. ጀርመናዊው ራይነር ሁተረርና እንግሊዛዊው ዴሬክ ያልደን፣ የእንስሳትን ዓይነት የሚመረምሩ ሊቃውንት፣ ከዚህ ደን ሁለት አዳዲስ ዓይነቶች መዝግበው አንዲቱን በደኑ ስም «ክሮሲዱራ ሐረና» አሏት። ለዓይን አይጥ ትመስላለች፤ ነገር ግን አይጥ አይደለችም። አይጥ የጐተራ ጠላት ስትሆን፣ ይህች ሹል አፍንጫና ጥቃቅን ዓይን ያላት ፍጥረት ትልንና ነፍሳትን ታድናለች። ሰውነቷ ትንሽ ስለ ሆነ ሙቀቷ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህም ሌት ከቀን ምግብ ስትፈልግ ትኖራለች። ሌሎች ዘመዶቿ በሱዳን ቆላ ሣር ውስጥ እንኳ ይገኛሉ፤ እርስዋ ግን ከሐረና ደን በቀር በሌላ ስፍራ አልተገኘችም።

ይህ ነገር አስተዳዳሪንና ነጋዴን ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከዚያው ከቡናው ይገኛል። በደኑ የሚኖረው ሕዝብ ቡና ይለቅማል፤ ቀፎ ይሰቅላል፤ ከብት ያሰማራል። ምርት እንዲበዛ ብሎ ቍጥቋጦውን ሲመነጥር የቡናው ፍሬ ለጊዜው ይጨምራል፤ ዳሩ ግን ነገ ለቡናው ጥላ የሚሆነው ችግኝ አብሮ ይጠፋል፤ የአውሬዪቱም መኖሪያ ይራቆታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተቋቁሞ፣ በ2014 በሕግ ታውጆ፣ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ይሁን እንጂ ደንብ ብቻውን ደን አይጠብቅም። ለለቃሚው የልፋቱን ዋጋ የሚከፍል ነጋዴና፣ ነዋሪውን አማክሮ የሚሠራ ሹም ሲገኙ ነው ዛፉ ቆሞ የሚያድረው።

ዕቃው በአንድ መጋዘን ብቻ ያለው ነጋዴ መጋዘኑን እንዴት አድርጎ እንዲጠብቅ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ የተቃጠለ ዕቃ ከሌላ ገበያ ይተካል። ለክሮሲዱራ ሐረና ግን መጋዘኗ አንድ ነው፤ ሌላ ገበያም የላትም።